የማን ጥርስ ጠረሰ?

ወሬውን ያልሰማ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማታ ኮካ ኮላ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ የተነከረ ጥርስ ጧት ሲፈልጉት የለም፤ ሟሙቶ ጠፍቷል። አንዳንዱ ተራኪ ጥርሱን ትቶ ምስማር ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ ምስማሩን በቁራጭ ሥጋ ይለውጠዋል። ተራኪው ራሱ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ያየው የአጎቱ ልጅ ነው፤ ካልሆነም የአስተማሪው ወንድም። እኔም የሰማሁት እንደዚሁ ከሦስተኛ አፍ ነው። ወሬ ሁሉ መነሻ አለውና የዚህኛውን መነሻ ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ የደረስኩት ከመሸታ ቤት ጨዋታ ሳይሆን ከአሜሪካ ምክር ቤት የምስክር መስሚያ አዳራሽ ነው።

ዘመኑ 1950 ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከኒውዮርክ የተመረጡት ጄምስ ዲላኒ የሚመሩት የምክር ቤቱ ልዩ ኮሚቴ በምግብና በመጠጥ ውስጥ ስለሚገቡ ኬሚካሎች ምስክር ይሰማል። ከምስክሮቹ አንዱ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ፕሮፌሰር የነበሩት ክላይቭ ማኬይ ናቸው። ማኬይ እንዲሁ ስሙ የማይታወቅ መምህር አልነበሩም። በ1935 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች ጠግበው ከሚበሉት ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ ያሳዩ፣ በእርጅና ምርምር ዘንድ እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሣ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የምግብ ጥናት ሲያካሂዱ፣ መርከበኞቹ የሚጠጡት ኮላ ምን እንዳለበት መረመሩ፤ ያገኙትም ፎስፎሪክ አሲድ ነበር። ይህን ለኮሚቴው ሲያስረዱ፣ በመጠጡ ውስጥ የተቀመጠ የሰው ጥርስ በሁለት ቀን ውስጥ መለስለስና መሟሟት እንደሚጀምር ተናገሩ። ምግባቸው ሳይጓደል ከኮላ በቀር ሌላ የሚጠጡት ያልነበራቸው አይጦች ደግሞ፣ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ መንጋጋ ጥርሳቸው እስከ ድድ ድረስ ተበልቶ አለቀ አሉ።

ኩባንያው ዝም አላለም። ኦርቪል ሜይ የተባሉት የኩባንያው ኬሚስት ቀርበው፣ በመጠጡ ውስጥ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ እጅግ ጥቂት መሆኑን፣ ብርቱካን እንኳ ከዚያ የበለጠ አሲድ እንዳለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በብርጭቆ ውስጥ ያለ ጥርስ ምራቅ የሌለው መሆኑን ገልጸው ተከራከሩ። በአፍ ውስጥ ግን ምራቅ አሲዱን ያበርደዋል፣ ያጥበዋል።

ክርክሩ በዚሁ ቢቆም መልካም ነበር። ከአዳራሹ ወጥቶ በሰው አፍ ሲንሸራሸር ግን ሁለቱ ቀን አንድ ሌሊት ሆነ፤ መለስለሱም መጥፋት ሆነ። ዛሬ የዚህን ወሬ ሥር የፈለጉ ሰዎች ከማኬይ ምስክርነት ጋር ያያይዙታል። ጥርስ በአንድ ሌሊት ሟሙቶ አይጠፋም። ነገር ግን ወሬው ውሸት ነው ብሎ መዝጋት ከሥሩ ያለውን እውነት አብሮ መቅበር ይሆናል፤ ምክንያቱም አሲድ ጥርስን በእርግጥ ይበላል፤ ይህን ለማወቅም ሰዎች ረጅም ጊዜ፣ አንዳንዶችም ጥርሳቸውን ከፍለዋል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ከኬሚስቶቹ በፊት ቃል ነበረው። ያልበሰለ ፍሬ ወይም ሎሚ ስንበላ ጥርሳችን ይጠርሳል። ይህችን ቃል ብዙዎቻችን የምናስታውሳት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በእስራኤል ዘንድ ይዘወተር የነበረ አንድ ምሳሌ አለ፤ ጎምዛዛውን ወይን አባቶች በልተው ጥርሱ የጠረሰው ግን የልጆች መሆኑን የሚናገር። ኤርምያስም ሕዝቅኤልም ምሳሌውን ያነሡት ሊሽሩት ነው፤ ከእንግዲህ ማንም የሚጠየቀው በገዛ ራሱ ሥራ ነው ለማለት። ነገሩ ስለ ኃጢአት እንጂ ስለ ጥርስ አይደለም። ሆኖም የአሲድንና የጥርስን ታሪክ ሳገላብጥ ያች ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ፦ የበላው ማን ነው? የጠረሰውስ የማን ጥርስ ነው?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ጥርስ በሁለት መንገድ በአሲድ ይጎዳል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የጥርስ መቦርቦር ነው፤ በጥርስ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ከስኳር አሲድ እየሠሩ አንድ ቦታ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ሁለተኛው ግን ባክቴሪያ የሌለበት ነው። አሲዱ ከውጭ ወይም ከሆድ በቀጥታ መጥቶ የጥርሱን ገጽ በሰፊው ያጥበዋል። ጉድጓድ አይሠራም፤ ያሳሳል እንጂ። ጠንካራው ነጭ ሽፋን፣ ባለሙያዎቹ ኢናሜል የሚሉት፣ እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ቢጫማ አካል ብቅ ይላል፤ የፊት ጥርስ ጫፍ እንደ መስተዋት አሳልፎ ያሳያል፤ የመንጋጋው ጉብታዎች ጎድጎድ ብለው ትናንሽ ስኒ ይመስላሉ። ቀድሞ የተሞላ ጥርስ ካለ፣ ሙሌቱ አሲድ ስለማይበግረው በዙሪያው ያለው ጥርስ ሲያልቅ እሱ እንደ ደሴት ከፍ ብሎ ይቀራል። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እጅግ ንጹሕ በሆነ አፍ ውስጥ ነው። ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ ያደናገራቸውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ታላቁ የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር በ1778 ስለ ጥርስ በሽታዎች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጥርስ ሳይቦረቦር ሽፋኑን እየተገፈፈ የሚያልቅበትን ሁኔታ ገልጸዋል። ምክንያቱን ሲያስቡ ግን የራሱ የጥርሱ በሽታ መሰላቸው፤ ከሰውየው አኗኗርም ሆነ ከጥርስ አያያዙ ጋር ግንኙነት ያለው አልመሰላቸውም። በሀንተር አልፈርድም። አንድ ሰው በየጧቱ ምን እንደሚጠጣ፣ ምን ዓይነት አየር ሲተነፍስ እንደሚውል ለመጠየቅ ያልለመደ ሕክምና ከዚህ ሌላ መልስ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ተራው የሪህ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች መጽሔቶች በዚህ ጥያቄ ተይዘው ነበር። ኤድዊን ዳርቢ የተባሉት ሐኪም በ1892 ያቀረቡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ፣ የጥርስ መሳሳትና የሪህ ጠባይ ዘወትር አብረው ይገኛሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ሪህ የባለጸጋ በሽታ ተብሎ ይታወቅ ነበርና፣ ጥርሱ ያለቀ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጉድለት በጥርሱ ወጣ ተባለ። ምክንያቱ አሁንም ከሰውየው ውስጥ ነው፤ ከብርጭቆውና ከሥራ ቦታው አይደለም።

ይህን ግምት ከጠረጴዛ ላይ አንሥተው ወደ ሙከራ ቤት የወሰዱት ዊሎቢ ዴይተን ሚለር ናቸው። የኦሃዮ ተወላጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በርሊን ጨርሰው፣ በሮበርት ኮክ ሙከራ ቤት ሠርተው፣ የጥርስ መቦርቦር የባክቴሪያ አሲድ ሥራ መሆኑን ለዓለም ያስረዱ ሰው። ያ ዝና የሚበቃቸው ይመስለኝ ነበር። እርሳቸው ግን ወደዚህ ወደ ሁለተኛው፣ ባክቴሪያ ወደሌለበት መሳሳት ዞሩ። የተነቀሉ ጥርሶችን በልዩ ልዩ አሲድ ነከሩ፤ በብሩሽና በጊዜው በነበሩት የጥርስ ዱቄቶች ፈገፈጉ፤ አንዱን ከሌላው ጋር አነጻጸሩ። በዚያ ዘመን የጥርስ ዱቄት ማለት ብዙ ጊዜ ጠመኔ፣ አንዳንዴም የተፈጨ ሻካራ ድንጋይ ነበር። ውጤቱ በ1907 በተከታታይ ታትሞ ወጣ። ከባዱን ጥፋት ያሸከሙት ብሩሹንና ዱቄቱን ነው፤ አሲዱ ደግሞ መንገድ ጠራጊ ነው። አሲድ ያለሰለሰውን ገጽ ብሩሹ ጠርጎ ይወስደዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሚለር በ53 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ስለ ብሩሽና ስለ ሎሚ የሚሰጠን ምክር ሁሉ ከዚያ ሥራ የተቀዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሚለር ስለ ጥርስ ዱቄት ሲጽፉ፣ በፋብሪካ ውስጥ ሌላ ነገር እየተፈጸመ ነበር። የመኪና ባትሪ የሚሠራበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አለ፤ አዲሱ ባትሪ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ የሚሞላበት። ሰልፈሪክ አሲዱ በኤሌክትሪኩ ኃይል ይንተከተካል፤ አረፋው እየፈነዳ ዓይን የማያየው የአሲድ ርጭት አየሩን ይሞላዋል። እዚያ የሚውል ሰው አፉን ከፍቶ ሲያወራ፣ ሲተነፍስ፣ ሲስቅ፣ ርጭቱ የሚያርፈው ከንፈር በማይሸፍነው የፊት ጥርሱ ላይ ነው። ጉዳቱ የከንፈሩን መስመር ተከትሎ ይሄዳል፤ ከንፈር ያለበሰው ደህና ነው፣ የቀረው ያልቃል። ብረት ከዝገቱ ለማጽዳት አሲድ ውስጥ በሚነከርበት ሥራም ነገሩ ያው ነው።

በ1961 ማልኮልምና ፖል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞችን መርምረው ጻፉ፤ አየሩ ውስጥ ብዙ አሲድ ባለበት ክፍል ጥርስ አብዝቶ ያልቃል። በ1968 ደግሞ ቴን ብሩገን ካቴ የተባሉት የጥርስ ሐኪም ሰፋ ያለ ጥናት አወጡ። በአሲድ ሥራ ላይ የነበሩ 555 ሰዎችን አፍ ተመልክተው በ176ቱ ላይ ሥራው ያመጣውን መሳሳት አገኙ፤ ከሦስቱ አንድ ያህል ማለት ነው። ከሁሉም የባሱት የባትሪ ሞዪዎቹ ነበሩ። ይኸው ጥናት ግን ጉዳቱ ሠራተኞቹን ከሥራ ወይም ከማኘክ ብዙም እንዳላገዳቸው ይናገራል። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። አንድ ሰው ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ካደረገ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ፊቱን ካጨማደደ፣ በየትኛው ሠንጠረዥ ይመዘገባል? ጎምዛዛውን የበላው እኮ እሱ አይደለም። ባትሪው የተሸጠው ለሌላ ነው፤ ትርፉም የሌላ ነው። ጥርሱ ብቻ የእሱ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ቀጥ ያለ መልስ የሰጠችው ጀርመን ይመስለኛል። በአገሪቱ የሥራ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ቁጥር 1312 በአሲድ ምክንያት የሚመጣ የጥርስ በሽታ ነው። የሥራ በሽታ ተብሎ መመዝገብ ማለት ወጪው ከሠራተኛው ኪስ ወደ አሠሪዎች ዋስትና ዞረ ማለት ነው። የፋብሪካው ነገር መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ አየር መሳቢያ፣ የአሲድ ገንዳ ክዳን፣ ርጭቱን አፍኖ የሚይዝ አረፋ፣ የአፍ መሸፈኛ። ማንም ሠራተኛውን አፍህን ዝጋ አላለውም። በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የመኪና ባትሪ ቻርጅ ሲያደርግ የሚውል የእኛ አገር ልጅም ቢሆን፣ በር ከፍቶ መሥራቱ ሳንባውን ብቻ ሳይሆን ጥርሱንም ነው የሚያተርፍለት።

አሲዱ ከፋብሪካ ወጥቶ ማንም ወዳልጠረጠረው ቦታ መግባቱን ያሳየው ደግሞ የቨርጂኒያው መዋኛ ገንዳ ነው። በ1982 በአሜሪካ ቻርሎትስቪል ከተማ ሁለት ሰዎች ጥርሳቸው በአሲድ ተበልቶ ተገኘ። አንዱ ሌላውን የሚያገናኘው ነገር ሲፈለግ ሁለቱም በአንድ ክለብ ገንዳ የሚለማመዱ ተወዳዳሪ ዋናተኞች ሆነው ተገኙ። የክለቡ አባላት ተጠየቁ። ከማይዋኙት ውስጥ ምልክቱ የታየባቸው 3 በመቶ፣ ለመዝናናት ከሚዋኙት 12 በመቶ፣ ከዋና ቡድኑ አባላት ግን 39 በመቶ ነበሩ። ገንዳው በክሎሪን ጋዝ ይጸዳ ነበር። ክሎሪን ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ይፈጥራል፤ በሶዳ ካልተመጣጠነ ውሃው ይጎመዝዛል። የገንዳው ውሃ ሲለካ ፒኤች 2.7 ሆነ። ይህ ቁጥር ለማያውቀው ሰው ምንም አይነግረውም፤ ግን በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ወደ ታች መውረድ አሲዱን አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ገንዳው መሆን ከሚገባው በመቶ ሺህ እጥፍ የበለጠ አሲድ ነበረበት። ሰዎቹ ለጤናቸው ብለው ሎሚ ጭማቂ በሚያህል ውሃ ውስጥ ይዋኙ ነበር።

የፋብሪካውና የገንዳው አሲድ የፊት ጥርስን ከውጭ በኩል ነው የሚበላው። ከውስጥ በኩል፣ ምላስ በሚነካው ገጽ፣ የላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ካለቀ ግን አሲዱ የመጣው ከሆድ ነው። በ1939 ሆልስትና ላንገ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን መልክ ለይተው ስም አወጡለት። የጨጓራ አሲድ ፒኤች ከ1 እስከ 2 ነው፤ ከኮላም ከሎሚም ይብሳል። ደጋግሞ የሚያስመልሰው ሰው፣ ቃር እንቅልፍ የሚነሣው ሰው፣ ሌሊት ሳያውቀው አሲዱ እስከ አፉ የሚወጣበት ሰው፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ናቸው። እርጉዝ ሴትም አለችበት፤ በተለይ ማቅለሽለሹን ለማስታገስ ሎሚ ስትመጥ የምትውል ከሆነ ከሁለት ወገን ነው የምትመታው።

ይህ ክፍል ከባድ ጉዳይ አለበት። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ራስል በ1979 ቡሊሚያ ነርቮሳ ብለው የሰየሙት በሽታ አለ፤ ሰው አብዝቶ ይበላና እንዳይወፍር በድብቅ ያስመልሰዋል። ክብደቱ ስለማይቀንስ ቤተሰብ አያውቅም፤ ሐኪምም አይጠረጥርም። የሚያውቀው ጥርስ ነው። ሄልስትሮም የተባሉት ስዊድናዊት የጥርስ ሐኪም ከራስል ሁለት ዓመት ቀድመው፣ በ1977፣ ምግብ አልበላም የሚል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አፍ መርምረው ማስመለስ በጥርስ ላይ የሚጥለውን ምልክት ጽፈው ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምሥጢሩን መጀመሪያ የሚያየው የጥርስ ሐኪሙ ሆነ። ያየውን እንዴት ይናገር? እየገሠጸ ከተናገረ ሰውየው ወይም ልጅቷ ዳግመኛ አትመለስም፤ ዝም ካለም ጥርሱን ብቻ ጠግኖ በሽታውን ይለቀዋል። ይህን ሳነብ ነው ስለ ጥፋተኛ ፍለጋችን አብዝቼ ያሰብኩት። የነቢያቱ ቃል፣ የሚጠርሰው የበላተኛው ጥርስ ነው የሚለው፣ ለፍርድ ይበጅ ይሆናል፤ ለሕክምና ግን አይበጅም።

አሁን ወደ ማኬይና ወደ ኬሚስቱ ክርክር እንመለስ። ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጥርሳቸው በአሲድ ያለቀ 106 ሰዎችን ካላለቀባቸው 100 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ የብርቱካን ወይም የሎሚ ወገን ፍሬ የሚበሉ ሰዎች ላይ አደጋው 37 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ለስላሳ በየቀኑ በሚጠጡት ላይ 4 እጥፍ ነበር። ምራቃቸው ያነሰ ሰዎች ላይ 5 እጥፍ። ሁለት መቶ ሰው ላይ የተሠራ ሒሳብ ስለሆነ 37ቱን እንደ ሚዛን ልክ ባንቆጥረው ይሻላል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የኩባንያው ኬሚስት ስለ ብርቱካኑ ያሉት እውነት ነበር። ማኬይ ስለ ጥርሱ ያሉትም እውነት ነበር። አንዱ እውነት ሌላውን አያነጻውም።

ታዲያ ጎምዛዛ ሁሉ ጥርስ ይበላል ማለት ነው? አይደለም። ኢናሜል ፒኤች 5.5 አካባቢ ከሚባለው ልክ በታች መሟሟት ይጀምራል እየተባለ ለረጅም ዘመን ተጽፏል፤ የእርጎ ፒኤች ደግሞ 4 አካባቢ ነው። እርጎ ግን ጥርስ አይበላም። ምክንያቱ ጥርስ የተሠራበት ካልሲየምና ፎስፌት በእርጎው ውስጥ ሞልቷልና አሲዱ ከጥርስ የሚነጥቀው ነገር አያስፈልገውም፤ እንደጠገበ እንግዳ ነው። ላርሰንና ኒቫድ የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1999 እንዳሳዩት፣ ካልሲየምና ፎስፌት በብዛት የተጨመረበት የብርቱካን ጭማቂ ጥርስ ለሰባት ቀን ተነክሮበት አልበላውም። እንግዲህ ጥፋቱ የጎምዛዛነት ብቻ ሳይሆን መጠጡ ባዶ እጁን መምጣቱም ነው። ይህ ደግሞ የጠጪው ሳይሆን የሠሪው ጉዳይ ነው፤ መጠጡን መለወጥ ይቻላልና። ፋብሪካው አየር መሳቢያ እንዲያስገባ ሲጠየቅ፣ መጠጡን የሚያመርተው ግን ምንም ሳይጠየቅ ለእኔና ለአንተ በቀጭን መጥጫ ጠጡ የሚል ምክር ብቻ መሰጠቱ ሚዛኑን የጠበቀ አይመስለኝም። በብሪታንያ በ1993 በተደረገው የሕፃናት ጥርስ ቆጠራ ከአምስት ዓመት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ መሳሳት ታይቷል። እነዚህ ልጆች መጠጣቸውን ራሳቸው አልመረጡም። የድሮው ምሳሌ፣ አባቶች በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚባለው፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ ጠርሙስ ውስጥ መሞላት የጀመረው በ1959 ነው። ሎሚው ግን ቀድሞንም የእኛው ነው። ልጆች ሆነን በጨው እየነከርን መጠናታል፤ ለጉንፋን ጨምቀነዋል። ዛሬ ደግሞ ቦርጭ ያጠፋል ተብሎ በየማለዳው በባዶ ሆድ በሞቀ ውሃ የሚጠጣው ሰው በርክቷል። ስለ ቦርጩ አላውቅም፤ ጥርስ ላይ ግን የሎሚ ውሃ ከነምግባሩ አሲድ ነው። በምግብ ሰዓት የተበላ ሎሚ ብዙም አያሳስብም፤ ምራቅ በዚያ ጊዜ በርትቶ ይፈስሳልና። ጉዳቱ የሚመጣው ቀስ እያሉ ቀኑን ሙሉ በመጎንጨት፣ አፍ ውስጥ ይዞ በማቆየት፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከመተኛት በፊት ነው፤ ስንተኛ ምራቃችንም አብሮን ይተኛል። ከጎምዛዛ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ወይም ወተት መጎንጨት ይረዳል። ያስመለሰው ሰውም እንደዚሁ ይጉመጥመጥ እንጂ ወዲያው ብሩሽ ወይም መፋቂያ አያንሣ፤ ሚለር ያዩት ይህንኑ ነው፤ የለሰለሰውን ገጽ ጠርጎ መውሰድ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ቆዩ የሚለው የቆየ ምክር አሁን አከራካሪ ሆኗል፤ ምራቅ የለሰለሰውን መልሶ ለማጠንከር ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋልና። አንዳንድ ባለሙያዎች ከቁርስ በፊት መቦረሽ ይሻላል ይላሉ። ብሩሹ ለስላሳ፣ እጁም ቀላል ይሁን በሚለው ግን ሁሉም ይስማማሉ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና፣ በተለይ ቲን ፍሎራይድ ያለው፣ ጥርሱን አሲድ እንዲቋቋም ያግዘዋል። ቃር ያለበት ሰው ደግሞ ከጥርስ ሐኪም በፊት የጨጓራውን ሐኪም ይይ።

ያለቀው ግን አይበቅልም። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርስ ገና ከድድ ሳይወጣ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። ስለዚህ የሐኪሙ ሥራ መጠገን ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ያልታሰበ ችግር ነበር። ጥርስ ባለቀ ቁጥር ከድድ ትንሽ ትንሽ ብቅ እያለ ተፋላሚውን ይነካል። የላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ሲያልቅ የታችኛው ተከትሎት ይመጣና መጠገኛ የሚያርፍበት ክፍተት አይተርፍም። ድሮ መፍትሔው ወይ ያለቀውን ጥርስ ክፍተት ለማግኘት ጨምሮ መሞረድ፣ ወይም ደህና የሆኑትን ጥርሶች ሁሉ አክሊል ማልበስ ነበር።

በ1975 ብዮርን ዳል የተባሉት የኖርዌይ የጥርስ ሐኪም የ18 ዓመት ወጣት ገጠማቸው፤ የላይኛው የፊት ጥርሱ ጀርባ አልቋል። ምንም አልሞረዱም። ከኮባልትና ከክሮሚየም ስስ የብረት ሳህን ሠርተው ከላይኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ገጠሙለት። ወጣቱ ሲገጥም የታችኛው የፊት ጥርሱ ብቻ ብረቱን ይነካል፤ መንጋጋዎቹ ግን ሳይነካኩ በአየር ይቀራሉ። ስምንት ወር ያህል እንዲህ ኖረ። ያልተነካኩት መንጋጋዎች ቀስ በቀስ እርስ በርሳቸው እየተፈላለጉ ወጥተው ተገናኙ፤ ከፊት በኩል ደግሞ ብረቱ ሲወጣ ለመጠገኛው የሚበቃ ክፍተት ተገኘ። ዛሬ ብረቱ ቀርቶ፣ ጥርስ የሚመስለው ነጭ ሙሌት በቀጥታ ባለቀው ጥርስ ላይ ከፍ ተደርጎ ይለጠፋል፤ መንጋጋዎቹም በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው መጥተው ይገጥማሉ። ሙሌቱ ሲሸረፍ ይታደሳል፤ ጥርሱ ግን አይሞረድም።